ሰው ያጣው ግድግዳ

ከዓመታት በፊት፣ በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንደኛው ተቀምጬ ዓሣ ጉላሽ እጠብቅ ነበር። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን የቆየ ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው፤ የዚያን ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ የራሱን ፍርድ ሰጥቶ ነበር።) አስተናጋጇ ሳህኖቹን በክንዷ ላይ ደርድራ በወንበሮቹ መካከል ትሹለከለካለች። አንድ ሽማግሌ አምባዛ አልበላም፣ ቆሮሶ አምጡልኝ እያሉ ይሟገታሉ። ከገጠር የመጣች እናት ተማሪ ልጇን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ ራሷ ሳትቀምስ ታጎርሰዋለች። ሊስትሮው በሩ ላይ ቆሞ ፊታችንን ሳይሆን ጫማችንን ያያል። በጓዳው በር ስንጥቅ ደግሞ እስከ ክርኗ አረፋ የለበሰች ሴት ለቅጽበት ትታይና ትጠፋለች።

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። አንድ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጣና፣ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ዘንባባ፣ አንዲት ታንኳ። ሰው የለም። ታንኳዋ እንኳ ቀዛፊ የላትም!

«ሰው ያለበት ሥዕል የላችሁም?» ብዬ አስተናጋጇን ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ሰውማ እዚሁ ሞልቶ የለ! ግድግዳው እንኳ ይረፍ እንጂ» ብላኝ እየሳቀች አለፈች።

እኔም ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ያች ልጅ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ቆማ የምትውል ናትና ዕረፍት ብትመኝ አልፈርድባትም። ሙግቴ ሥዕልን የዕረፍት መጋረጃ አድርገው ከሚገዙትና፣ ገበያው ይህንን ብቻ ይፈልጋል ብለው ከሚሥሉት ጋር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ሰው የሞላበትን ማዕድ መሣል ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? ከዚያው ወደብ በጀልባ ተነሥቶ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ዙሪያ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ በዚያም ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይኖራል። በላዔ ሰብእ እንኳ፣ ያ ሰው በላ፣ በአንዲት እፍኝ ውኃ ምክንያት ከግድግዳው ላይ ቦታ አግኝቷል። በሥዕላችን ሥርዓት ጻድቁ ፊት ለፊት ይሣልና ሁለት ዐይን ይኖረዋል፤ ኃጥኡ በጎን ይሣልና አንድ ዐይን ይቀረዋል። በጸሎተ ኀሙስ ማዕድ ይሁዳ የሚለየው በዚህ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አንድ ዐይኑን አጣ እንጂ ከማዕዱ አልተባረረም።

የዳግማዊ ምኒልክን ግብር የሣሉት የቀድሞ ሠዓሊዎችም ቢሆኑ ንጉሡንና መኳንንቱን ብቻ ሥለው አላበቁም። ብርንዶውን የተሸከመው፣ ጠጁን የሚቀዳው፣ መሰንቆውን የሚገዘግዘው አዝማሪ ሁሉ በየማዕርጉ ተሥሏል። ማዕርጉ ያከራክር ይሆናል፤ አለመኖሩ ግን አላከራከረም።

ወደ ውጭ ዓለምም ብንሻገር ነገሩ ያው ነው። የቬኒሱ ፓኦሎ ቬሮኔዜ በ1573 (እ.ኤ.አ.) ለአንድ ገዳም የመመገቢያ አዳራሽ ከ12 ሜትር በላይ ስፋት ያለው የመጨረሻው ራት ሥዕል ሠራ። የሃይማኖት ፍርድ ቤቱ ጠራው፤ ቀልደኛውን፣ ሰካራሙን፣ የጀርመን ወታደሩን፣ አፍንጫው የሚደማውን አገልጋይ ከጌታ ማዕድ ማን አቀረባቸው ሲል ጠየቀው። ሥዕሉን እንዲያርም ታዘዘ። እርሱ ግን ሰዎቹን አላጠፋም፤ የሥዕሉን ስም «በሌዊ ቤት የተደረገ ግብዣ» ብሎ ለውጦ ሁሉንም በየቦታቸው ተዋቸው። ፈረንሳዊው ኦግስት ሬኗርም ከ1880 እስከ 1881 በሴን ወንዝ ዳር ባለ ምግብ ቤት ሰገነት ላይ ወዳጆቹንና የባለቤቱን ልጆች ሣለ። ወንዙ በቅጠሎቹ መካከል ብልጭ ይላል እንጂ ሥዕሉን አልወረሰውም። እኛ ዘንድ ግን ውኃው ሰውን ዋጠው!

ደግሞስ የዋጠው ማንን ነው? በየሆቴሉ ግድግዳ፣ በየፖስት ካርዱ የምትታየውን የደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ጉማሬ ይበላሉ እያሉ ለዘመናት አብረዋቸው ለመብላት ተጸይፈዋል። የእጃቸው ሥራ ከግድግዳችን ተሰቀለ፤ እነርሱ ግን ከማዕዱም ከሥዕሉም ቀሩ። ቀዛፊ የሌላት ታንኳ እንግዲህ የሠዓሊ ዝንጋታ ብቻ ናት አልልም። ከማን ጋር እንደማንበላ ሳትናገር ትናገራለች።

«አገር በታመሰበት ጊዜ ስለ ሥዕል ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ባዶ ስለቀሩ ወንበሮች እኔም አውቃለሁ። የምጮኸውም ስለዚሁ ነው። የዚያን እሑድ ተመጋቢዎች ዛሬ ልሰብስባችሁ ብል የት አገኛቸዋለሁ? ፀሐይዋ ነገም ትጠልቃለች፤ ሠዓሊ ባይኖራትም አትጎዳም። ያ አዳራሽ ግን አንድ ጊዜ ሞልቶ አንድ ጊዜ ተበትኗል።

«የምግብ ቤት ትርምስ ለትልቅ ሸራ አይመጥንም» ለሚለኝ ደግሞ ሠዓሊ ታደሰ መስፍን መልሶልኛል። በአዲስ አበባ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ይህ ሰው፣ የጉልት ነጋዴ ሴቶችን በሰፊ ሸራ ላይ እንደ ምሰሶ አቁሞ «የሕይወት ምሰሶዎች» ብሏቸዋል። ለቲማቲም ሻጯ የተገኘ ሸራ ለዓሣ ቤቷ አስተናጋጅ እንዴት ይጠፋል?

ትልቅ ሸራ ገንዘብ እንደሚፈልግ፣ ብዙ ሰው ያለበት ሥዕል ወራት እንደሚፈጅ፣ ሠዓሊም እንጀራ እንደሚበላ አልዘነጋሁም። ስለዚህ አቤቱታዬ በቅድሚያ ለባለ ሆቴሎቹ ነው። ቀጣዩን ሥዕል ስታዝዙ የራሳችሁን አዳራሽ እዘዙ። ሽማግሌው ከነሙግታቸው፣ እናቲቱ ከነጉርሻዋ፣ ሊስትሮው ከነሣጥኑ ይግቡ። የጓዳው በር ወለል ብሎ ይከፈትና ዕቃ አጣቢዋ ሁለት ዐይን ኖሯት ፊት ለፊት ትታይ። ታንኳ ሠሪውም ከመካከል ይቀመጥ፤ ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው አጠገቡ ይኑር። ጣና ከፈለጋችሁ በመስኮቱ በኩል ጥቂት ይታይ።

አስተናጋጇንም አትርሷት። በዚያ ሥዕል ላይ ግን፣ እባካችሁ፣ ተቀምጣ ትሣል።