የሻጋታ መርዝና ዕንቁላል ጣይ ዶሮዎች

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎችን የፈጀው በመኖአቸው ውስጥ የነበረ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። መርዙ ኋላ አፍላቶክሲን ተባለ። ዛሬ መፍትሔው ከመኖ ጋር የሚደባለቅ ዱቄት ነው ይባላል። እኛ ዱቄቱን አንቃወምም። ቤንቶናይት የተባለው የሸክላ አፈር አፍላቶክሲንን በዶሮዋ አንጀት ውስጥ ይዞ ከኩሷ ጋር ያስወጣል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2013 ለዚሁ ተግባር ፈቅዶታል። ነገር ግን ሌሎቹን የሻጋታ መርዞች እምብዛም አይዝም፤ የተጎዳ ጉበትም አይጠግንም።

ታዲያ በቆሎውና የኑግ ፋጉሎው በእርጥቡ እየተከመረ ሁሉን ከዱቄት መጠበቅ በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት አይሆንም? ዶሮዎቹ መጣል ሲቀንሱ ዕዳው የሚወድቀው በብድር ጥቂት መቶ ዶሮ በያዘችው እናት ላይ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ በቆሎው እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች እስኪሆን ይድረቅ፤ ከመሬት ከፍ ብሎም ይቀመጥ። ዱቄቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እርሱም ቢሆን የግድ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አይደለም፤ ቤንቶናይት በአፋር፣ በገዋኔ አካባቢ ይገኛል። እርሻና ኬሚስትሪ የምናጠና ሁሉ፣ ይህን አፈር መርምሮ ለአገር ዶሮ አርቢ ማብቃት የእኛ ድርሻ ነው እንላለን።