የዘር ሐረግ በእናት ብቻ አይቆጠርም

እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ በእናት በኩል ብቻ ቆጥሮ ቢያቆም «ግማሹን ተዉት» ይባላል። ስለ ብርቅዬ እንስሳት የሚጻፉ የፖሊሲ ሰነዶች ግን ይህንኑ ጉድለት «ዲኤንኤ አረጋገጠ» በሚል ማኅተም ሲያጸድቁት ዝም ብለን እናልፋለን። ይህ ልማድ መታረም አለበት።

ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ነው። ለማንበብ ስለሚቀል የዝርያዎችን ዝምድና ለማወቅ ለረጅም ጊዜ ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዚሁ መንገድ ቀይ ቀበሮ፣ ስሙ ቀበሮ ቢለውም፣ ይበልጥ የሚዛመደው ከግራጫ ተኩላ ጋር መሆኑን አሳየ። ያው ጥናት በባሌ ከውሻ የተዳቀሉ እንስሳትንም አገኘ። እናታቸው ቀይ ቀበሮ፣ አባታቸው ውሻ በመሆኑ ማይቶኮንድሪያቸው የመሰከረው ለቀይ ቀበሮነታቸው ብቻ ነበር። የውሻውን ድርሻ ያጋለጠው ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰው የሕዋስ አስኳል ዲኤንኤ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥም የሚኖረው፣ የአፍሪካ ወርቃማ ቀበሮ ይባል የነበረው እንስሳ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በ2011 በማይቶኮንድሪያ ላይ የተመሠረተ ጥናት ከግራጫ ተኩላ ወገን መደበው። በ2015 ከአስኳል የተገኘ ሰፊ መረጃ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን አመለከተ። በ2018 የሙሉ ጂኖም ንጽጽር ደግሞ የግራጫ ተኩላና የቀይ ቀበሮ ወገኖች የተቀላቀሉበት የዘር ምንጭ እንዳለው አሳየ። ቅርንጫፎቹ ተመልሰው የሚገናኙበትን ዘር በአንድ ዛፍ ብቻ መሳል አይቻልም።

«እንግዲያው ሳይንሱ አይታመንም» የሚሉ ይኖራሉ። ተሳስተዋል። መደምደሚያው የተሻሻለው ማስረጃው ስለሰፋ ነው፤ የማይታመነውስ ማስረጃ ሲጨመርበት የማይለወጥ ሐረግ ነው። ፍጹም እውቀት እስኪገኝ እንጠብቅ ማለትም አያዋጣም፤ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው። የትኛው እንስሳ ድቅል ነው፣ የትኛው ይጠበቅ የሚለው ውሳኔ የሚያርፈው በእነዚህ ጥቂት ነፍሳት ላይ ነው።

ስለዚህ የጥበቃ ዕቅድ የምንገመግም፣ ገንዘብም የምናሰባስብ ሁሉ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የተነበበው የትኛው የዲኤንኤ ክፍል ነው? ናሙናው የተወሰደው ከየት፣ ከስንት እንስሳት ነው? ሐረጉ በሌላ መልክ ቢሳል መረጃው ምን ያህል ይቃወመዋል? እነዚህን የማይመልስ ሰነድ፣ ማኅተሙ ምንም ቢያምር፣ ግማሽ ዘር ቆጥሮ የተነሣ ነው።