የትኛውን መጽሐፍ እናስቀድም?

ስለ ብሔርተኝነትና ስለ ጐረቤት አገሮች ግንኙነት የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ የተማሪ ኪስ ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ አንዱን ማስቀደም ግድ ቢሆንብን የትኛውን እንደምንመርጥ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ብዙዎቻችን በመጀመሪያ እጃችንን የምንዘረጋው እ.ኤ.አ. በ1983 ወደ ታተመው ወደ ቤኔዲክት አንደርሰን መጽሐፍ ነው። በውነቱ ታላቅ መጽሐፍ ነው። ብሔር ማለት አባሎቹ ፊት ለፊት ሳይተዋወቁ አንድ ነን ብለው በአሳባቸው የሚሥሉት ማኅበር መሆኑን፣ ለዚህም ጋዜጣና የታተመ መጽሐፍ ምን ያህል እንደ ረዳ ያስረዳል። ነገር ግን ከቡሬ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን መንገድ ለምናውቅ ለእኛ አንድ ጥያቄ ይቀራል። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ውል ድንበሩን በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች ባስኬደ ጊዜ አኝዋክና ኑዌር በሁለቱም ወገን ቀሩ። ጋዜጣ ያልደረሳቸው እነዚህ ሕዝቦች «የኛ ሰው» ይሉ የነበረው ማንን ነው?

ይህን የመረመረው ደረጀ ፈይሳ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው ጥናት ነው። እንደ ጥናቱ፣ አኝዋክ ትውልዱንና መሬቱን አጥብቆ ይጠብቃል፤ ኑዌር ግን ባዕዱን ተቀብሎ ዘመድ ማድረግ አይከብደውም። እንግዲህ አንዱ ዝምድና የሚለውን ሌላው መዋጥ ነው ብሎ ይሰጋል። በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ስደተኛው በመቶ ሺሕ እየተቆጠረ ጋምቤላ ሲገባ፣ ይህን ያላወቀ ሰው ስጋቱን ክፋት፣ ዝምድናውንም ወረራ ብሎ ሊፈርድ ይችላል።

«ያለ ቲዎሪ ዝርዝሩ ወሬ ብቻ ይሆናል» የሚሉን መምህራን አሉ። እውነት አላቸው፤ አንደርሰንም ይነበብ። ነገር ግን ቲዎሪውን ብቻ ይዞ የወጣ ተማሪ ከጐረቤቱ የሚያየው ከትምህርቱ ጋር የሚስማማውን ብቻ እንዳይሆን እንፈራለን። ጐረቤቱን አስቀድሞ ያወቀ ግን ቲዎሪውን መፈተን ይችላል።

የቡሬ መንገድ ራሱ ምስክር ነው። ቡናው በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር፤ ጨውም በዚያው መንገድ ይመጣልን ነበር። አባቶቻችን በንግድ ያወቁትን ጐረቤት እኛ በስማ በለው ብቻ ብናውቀው ያሳፍረናል። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱ ገንዘብ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ስለ ጐረቤታችን የተጻፈው ይቅደም።