ደብዳቤያችን በማን ቤት ይደር?

የኢሜይል ሰርቨር በገዛ ቤት ማቆም የሥራ ፈት ሥራ ነው የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች በግቢያችን ሞልተዋል። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ቶሎ ብለው የሚያነሡት «መብራት ይጠፋል» የሚለውን ነው። ይህስ ምክንያት አይሆንም። ኢሜይል የሚመላለስበት ደንብ ኤስኤምቲፒ ይባላል፤ ተቀባዩ አልገኝ ያለ እንደ ሆነ ላኪው ኮምፒዩተር ደብዳቤውን ይዞ እየደጋገመ እንዲሞክርና ቢያንስ እስከ 4 ወይም 5 ቀን ተስፋ እንዳይቆርጥ ይላል። እንግዲህ መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ ደብዳቤው ይዘገያል እንጂ አይጠፋም።

እውነተኛው ጋሬጣ አድራሻ ነው። በየቤታችን ያለው ራውተር እንደ ግቢ በር ነው። በውስጥ ስልኩም ላፕቶፑም የየራሱ ክፍል አለው፤ ከውጭ የሚታየው የቤት ቁጥር ግን አንድ ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ዘበኛው ወደ የትኛው ክፍል እንደሚያስገባው አያውቅምና ይመልሰዋል። ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚባለው «በ25 ቁጥር የመጣውን ሁሉ ወደ ጓዳው ኮምፒዩተር ስደድ» ብሎ ዘበኛውን ማዘዝ ነው። ይህንስ የሥነ ጽሑፍ ተማሪም ይችለዋል።

ነገር ግን በቀድሞው ሥርዓት የዓለሙ የአይፒ አድራሻ ሁሉ ተደምሮ 4.3 ቢሊዮን አይሞላም፤ ማዕከላዊው ክምችትም በ2011 እ.ኤ.አ. አልቋል። ስለዚህ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ቤት ያካፍላሉ። ራውተሩ የተሰጠው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር የሚጀምር ከሆነ፣ ከበራችን ውጭ ሌላ ትልቅ በር አለ ማለት ነው፤ የዚያ በር ዘበኛ ደግሞ የእኛ ቅጥረኛ አይደለም።

መላክማ ከመቀበል ይብሳል። በቫይረስ የተያዙ የቤት ኮምፒዩተሮች ዓለሙን በስፓም ስላጥለቀለቁት ብዙ አቅራቢዎች በ25 ቁጥር መውጣትን ዘግተዋል። ክፍት ቢሆን እንኳ ጂሜይል ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የላኪው አድራሻ ወደ ስም የሚመራ መዝገብ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ መዝገቡን የሚጽፈው የአድራሻው ባለቤት ኩባንያው እንጂ ደንበኛው አይደለም። እንደ እኔ አሳብ በዚህ ላይ መታገል ከንቱ ድካም ነው። የሚወጣውን ደብዳቤ የታወቀ ሌላ ሰርቨር ያድርስልን፤ የሚመጣው ግን በቤታችን ይደር።

አባቶቻችን ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ሲቀበሉ ሣጥኑ በፖስታ ቤት ቢሆንም ቁልፉ በኪሳቸው ነበር። ዛሬ ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ የተሰጠው አድራሻ በተዘጋ ቀን የመምህሩ እርማትም፣ ከባሕር ማዶ የመጣው የወንድሙ ቃልም አብሮ ይዘጋል። ቁልፉ ከማን እጅ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ይታወቃል።

በውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ከቤት ጋር ማገናኘት እንደሚቻል አልክድም። ኪራዩ ግን በዶላር ነው፤ ተማሪ ዶላር ከወዴት ያመጣል? ይልቅስ ማኅበራችን አቅራቢዎቹን ይጠይቅልን፤ ለሚፈልግ ተማሪ የማይለዋወጥ አድራሻ፣ የተከፈተ 25 ቁጥርና የስም መዝገብ፣ ዋጋውም ተማሪ የሚችለው። በሚቀጥለው ስብሰባ ይነሣ።