የቡሶላ ሣጥን በፍሬ ብዛት አይገዛ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ትራክተር፣ ኮምባይነር ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲገዛ ብዙ ይመካከራል። ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ባለሙያ ይጠየቃል። ሞተሩ የሚፈታበትና የሚታሰርበት የመፍቻ ሣጥን ግን ይህን ያህል አያነጋግርም፤ ለሌላ ጉዳይ ከተማ የሄደ ሰው ሲመለስ ይዞት ይመጣል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እንላለን። ምክንያቱም በሥራ ወራት ትልቁን ሞተር የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ትንሹ ዕቃ ነው።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኛም ነበርና። ከአንድ የመስኖ ማኅበር የመጡ ሦስት የግዥ ኮሚቴ አባላት አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ሐውልት አጠገብ ቀጥረውን ተገናኘን። በእጃቸው ሦስት ፕሮፎርማ ነበር። እኛ ቀደም ሲል በጻፍንላቸው የዕቃ ዝርዝር ላይ «አንድ የተሟላ የመፍቻ ሣጥን» ከሚል በቀር ሌላ ነገር አልሰፈረም። ከሦስቱ ዋጋዎች ዝቅተኛው ባለ 108 ፍሬ ሣጥን ነበረ። «ፍሬው ብዙ፣ ዋጋው ትንሽ፤ ምን ይፈለጋል?» አሉን ሊቀ መንበሩ። እኛም ተስማምተን ፈረምን፤ ሣጥኑም ተገዛ።

ሣጥኑ ከተገዛ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው የፓምፑን ብሎን ሲፈቱ ራቼቱ ጥርሱን ስቶ ዞረ። ቡሶላውም የብሎኑን ጠርዝ ላጠው፤ ፈቺው ወጣት እጁ ከብረት ጋር ተጋጭቶ ጣቱ ተሰነጠቀ። ጠርዙ የተላጠው ብሎን በሌላ መፍቻም አልያዝ አለ። ከከተማ ብየዳ የሚችል መካኒክ መጥቶ በብሎኑ ላይ ሌላ ዳዶ በይዶ እስኪያወጣው ድረስ ስምንት ቀን አለፈ። በስምንቱ ቀን ሽንኩርቱ ውሃ አላገኘም። ሊቀ መንበሩ ከዚያ በኋላ ስልክ ደውለው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የተሟላ ማለት ምን ማለት ነው?» ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው ጥያቄ የምንሰጠው የዘገየ መልስ ነው።

1. የፍሬ ብዛት ምን ይነግረናል?

ቡሶላ የምንለው የብሎኑን ወይም የዳዶውን ራስ ዙሪያውን የሚያጠልቀውን ክብ መፍቻ ነው። ራቼት ደግሞ ቡሶላው የሚሰካበት፣ ወደ አንድ ወገን የሚያዞርና ወደ ሌላው ወገን በባዶ የሚመለስ እጀታ ነው። ሁለቱ ተለያይተው መሠራታቸው ትልቅ ጥቅም አለው። በ1920 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ስናፕ ኦን የተባለው ድርጅት ሥራ ሲጀምር ያቀረበው አምስት እጀታና አሥር ቡሶላ ነበር። እያንዳንዱ ቡሶላ ከእያንዳንዱ እጀታ ጋር ስለሚገጥም አሥራ አምስቱ ዕቃ የሃምሳ መፍቻ ሥራ ይሠራል። የሣጥን ዋጋ የሚለካውም በዚህ ነው፤ ጥቂት ዕቃ ተገጣጥሞ ብዙ ሥራ መሥራት ሲችል።

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ብዙ ሣጥኖች ግን ቁጥራቸውን የሚያበዙት በሌላ መንገድ ነው። ባለ 108 ፍሬ የተባለውን ሣጥን ከፍተን ስንቆጥር አብዛኛው የካቻቢቴ ጫፍ፣ ጠማማ የአለን ቁልፍና ከ8 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ትንንሽ ቡሶላ ሆኖ አገኘነው። እነዚህ ለሬዲዮና ለልብስ ስፌት መኪና ይረዱ ይሆናል። ለማረሻ፣ ለፓምፕና ለኮምባይነር ግን የሚፈለገው ጥቂት ነው፤ እርሱም ጠንካራ መሆን አለበት።

2. አስቀድሞ ሞተሩን ቁጠሩ

ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ኦፕሬተር አብረው በማኅበሩ ሞተሮች ዙሪያ ይዙሩ። ዘወትር የሚፈታውን ብሎን ሁሉ ለክተው በደብተር ይጻፉ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሲለኩም የሚከተለውን ልብ ይበሉ።

በአገራችን ያሉት የእርሻ ሞተሮች ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ናቸው። እንደ ማሴ ፈርጉሰን 135 ያሉ የቀድሞ የእንግሊዝ ትራክተሮች ብዙው ብሎናቸው በኢንች የተለካ ነው። በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ መገጣጠም የጀመረው ቤላሩስ ግን በሚሊ ሜትር ነው። የግማሽ ኢንች ራስ 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 13 ቁጥር ቡሶላ ይገባበታል፤ ሆኖም 0.3 ሚሊ ሜትር ስለሚላላ ብሎኑ ጠንከር ካለ ጠርዙን ይልጠዋል። ባለ 9/16 ኢንች ራስ 14.29 ሚሊ ሜትር ነው፤ 14 ቁጥር አይገባበትም፣ 15 ቁጥር ደግሞ ይላላል። በአንጻሩ ባለ 3/4 ኢንች 19.05 ሚሊ ሜትር በመሆኑ 19 ቁጥር ብዙ ጊዜ ይይዘዋል። የኢንች ትራክተር ያለው ማኅበር እንግዲህ የኢንች ቡሶላ ለብቻው መግዛት ግድ ይሆንበታል።

በሚሊ ሜትር በተለኩትም መካከል ልዩነት አለ። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ራሱ በቀድሞው የጀርመን ደረጃ 17፣ በአዲሱ ዓለም አቀፍ ደረጃ 16፣ በብዙ የጃፓን ሞተሮች ላይ ደግሞ 14 ነው። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውም እንዲሁ 19፣ 18 ወይም 17 ይሆናል። ርካሽ ሣጥኖች አዘውትረው የሚዘሉት 16ንና 18ን ነው። በኮምባይነሩ ላይ የሚፈለገው ቁጥር በሣጥኑ ውስጥ ከሌለ የሌሎቹ መቶ ፍሬዎች መኖር አይጠቅምም።

3. በሱቅ ውስጥ ምን ይታይ?

አንደኛ፣ መሰኪያው። የራቼቱ አራት ማዕዘን መሰኪያ ሩብ፣ ሦስት ስምንተኛ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛ ኢንች ይሆናል። ለእርሻ ሥራ ዋናው ግማሽ ኢንቹ፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትሩ ነው። አንድ ማኅበር ገንዘቡ ለአንድ መሰኪያ ብቻ ከበቃ ይህንን ይግዛ።

ሁለተኛ፣ የቡሶላው ውስጥ። ባለ 12 ማዕዘን ቡሶላ በጠባብ ቦታ ቶሎ ይገባል፤ ነገር ግን ብሎኑን የሚይዘው በጠርዙ አጠገብ ነው። ባለ 6 ማዕዘን በጎኑ ላይ ሰፋ ብሎ ይይዛል። በእኛ አገር አሮጌ፣ የዛገና ከዚህ በፊት የተላጠ ብሎን ስለሚበዛ ባለ 6 ማዕዘኑ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ራቼቱ። በውስጡ ጥርስ ያለው መንኰራኩርና በጥርሱ ላይ የሚያርፍ ምላስ አለ። ባለ 24 ጥርስ ለእያንዳንዱ ጥርስ 15 ዲግሪ፣ ባለ 36 ጥርስ 10 ዲግሪ፣ ባለ 72 ጥርስ 5 ዲግሪ መወዛወዝ ይፈልጋል። ጥርሱ ሲበዛ በጠባብ ቦታ ይመቻል፤ ነገር ግን ጥርሱ ስለሚደቅቅ አሠራሩ የላቀ ካልሆነ አቧራና ኃይል ይጎዱታል። ርካሽ ሆኖ ባለ 72 ጥርስ ከሚሆን በደንብ የተሠራ ባለ 36 ጥርስ ይሻላል። ቡሶላ ሰክታችሁ በአንድ እጅ ያዙትና እጀታውን በቀስታ መልሱ፤ ምላሱ እያንዳንዱን ጥርስ ሳይዘል መያዝ አለበት። ከዚያ ሻጩን ፈቃድ ጠይቃችሁ ብሎን በሞርሳ አስይዙና በኃይል ሞክሩ። የውስጥ ዕቃው ለብቻው ይገኝ እንደሆነም ጠይቁ።

አራተኛ፣ ብረቱ። «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ጽሑፍ በሁሉም ላይ አለ፤ ማንም ሊጽፈው ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የቁጥሩ ጽሑፍ ጥልቅና ጥርት ያለ መሆኑን፣ የቡሶላው ግድግዳ ዙሪያውን እኩል መወፈሩን፣ የክሮም ቅቡ አለመፋቁን እዩ። የተላጠ ክሮም እንደ ምላጭ እጅ ይቆርጣል።

አምስተኛውና ዋናው፣ ኪሳችሁ ውስጥ ከሞተራችሁ የተፈቱ ሁለት ሦስት አዲስ ብሎኖች ይዛችሁ ሂዱ። ቡሶላውን አጥልቃችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁ። የሚጫወት ከሆነ ተዉት። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ይህ ነው።

4. ራቼት ለምን አይሆንም?

ጥሩ ዕቃ በመጥፎ አያያዝ ይሰበራል። የጠነከረ ብሎን በራቼት አይሰበርም። ለዚህ ሥራ ጥርስ የሌለው ረጅም ዘንግ አለ፤ ብሎኑ በዘንጉ ከላላ በኋላ ራቼቱ በፍጥነት ያወጣዋል። በራቼት ላይ ቧንቧ አጥልቆ መሳብ በየመንደሩ የተለመደ ነው። ሒሳቡን እንይ። 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ በ40 ኪሎ ኃይል ብንስብ 10 ኪሎ ግራም ሜትር እናገኛለን። አንድ ሜትር ቧንቧ አጥልቀን በዚያው ኃይል ብንስብ 40 ይሆናል። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 8.8 የጥንካሬ ምልክት ያለው ብሎን ሲታሰር የሚፈልገው ግን ወደ 5 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። በቧንቧ የሚያስር ሰው ብሎኑን እየቆረጠ፣ ራቼቱንም እየገደለ ነው።

5. ስለ ዋጋና ስለ ፕሮፎርማ

«ገንዘብ የለም፤ ርካሹን ካልገዛን ምን እናድርግ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ንሯል። መልሳችን ግን ገንዘቡ ካነሰ ጥራቱ ሳይሆን ቁጥሩ ይቀነስ የሚል ነው። ለሚሊ ሜትር ሞተሮች በእኛ ግምት 20 ፍሬ ይበቃል። ይኸውም 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 16፣ 17፣ 18፣ 19፣ 21፣ 22፣ 24፣ 27፣ 30 እና 32 ቁጥር፣ በድምሩ 15 ቡሶላ፤ አንድ ራቼት፣ አንድ ረጅም ዘንግ፣ አጭርና ረጅም ሁለት ማራዘሚያ፣ እንዲሁም አንድ ተጣጣፊ መጋጠሚያ ነው። በደብተራችሁ ላይ የሌለውን ቁጥር ደግሞ ከዚህም ላይ ቀንሱ።

ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሌብነትን ይከላከላል። ነገር ግን ፕሮፎርማ ሊያወዳድር የሚችለው አንድ ዓይነት ዕቃ ሲሆን ብቻ ነው። ዝርዝሩ «የተሟላ ሣጥን» ካለ ሦስቱ ነጋዴዎች ሦስት የተለያየ ነገር ያቀርባሉ፤ ዝቅተኛውም ሁልጊዜ ደካማው ይሆናል። ጥፋቱ የነጋዴው ነው ልንል አንችልም። የጠየቅነውን ሰጥቶናል።

ድሮ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወርድ ገዢ የሚያውቀው ባለ ሱቅ ነበረው፤ ዕቃው ካልሆነ ይመልስለታል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል፤ ደንበኛና ነጋዴም ተለያይተዋል። ዛሬ በመርካቶም ሆነ በሌላ ቦታ ከማያውቀው ሰው የሚገዛ ኮሚቴ የሚተማመነው በራሱ ዓይን፣ በኪሱ ባለው ብሎንና በደረሰኝ ላይ በሚጻፍ የመመለሻ ቃል ነው። ያ ሊቀ መንበር በቅርቡ ሁለተኛውን ሣጥን ሲገዙ አብረናቸው ነበርን። ሻጩ «አባቴ፣ ይኼኛው እኮ 150 ፍሬ ነው» ቢላቸው «ልጄ፣ ቁጥሩን ተወውና ጥርሱን አሳየኝ» አሉት። እኛ በብዙ ገጽ የጻፍነውን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

6. ከግዥ በኋላ

ዕቃው ከመጣ በኋላ ኃላፊው አንድ ሰው ይሁን። በሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱ ቡሶላ ቅርጽ በቀለም ይሣል፤ የጎደለው ከሩቅ ይታያል። የወሰደ ይፈርም፣ ሲመልስም ይጥረገው። ራቼቱ በውሃ አይታጠብ፤ በጨርቅ ተወልውሎ ጥቂት ቀጭን ዘይት ይጨመርበት። ወፍራም ግሪስ አቧራ ይዞ ምላሱን ስለሚያስቀር አይመከርም።

ለልማት ሠራተኞች የምንለው ይህ ነው፦ ማኅበሩ የዕቃ ዝርዝር እንድትጽፉለት ሲጠይቃችሁ «የተሟላ» የሚለውን ቃል አትጻፉ። መሰኪያውን፣ ማዕዘኑን፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድና የመመለሻውን ውል ጻፉ። ለኮሚቴዎችም የምንለው፣ ዝርዝሩ እንዲህ ካልተጻፈላችሁ አትቀበሉ፤ የጻፍነው እኛ ብንሆንም መልሱልን። አዝመራው እርጥብ ሳይሆን፣ ሽንኩርቱም ሳይጠወልግ፣ ነገሩ አሁን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።