ሌሊት እህል ስንጠብቅ ብርዱን እንዴት እንከላከል?

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ አውድማ ጽፈን ነበር። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። ጤፉም ታጭዶ ተከምሯል። አሁን የቀረው እስኪወቃ ድረስ መጠበቅ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ ጥበቃ ነው። ነገር ግን ስለ ሌባ ወይም ስለ አውሬ አይደለም። ከጠባቂው ጋር አብሮ ስለሚያድረው ስለ ብርድ ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ በጠዳ ዙሪያ የጥበቃ ወራት ናቸው። ክምሩ ሜዳ ላይ ነው። ሽምብራው ገና እሸት ነው። ቀን ዝንጀሮ ይመጣል። ሌሊት ጃርትና የዱር አሳማ ይመጣሉ። ሚዳቋና ድኩላም እሸት ፍለጋ ከጫካ ይወጣሉ። የተፈታ ከብትም አለ። ስለዚህ ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ ሜዳ ያድራል። ዓመት ሙሉ የተደከመበት እህል ነው፤ ማን ይተወዋል?

እህሉ ግን የሚጠበቀው ለሰው ነው። ክምሩ ድኖ ጠባቂው ቢታመም ምን ጥቅም አለው? እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ቁጭ ያለ ሰው ለምን ይበርደዋል?

ቀን ሲያጭድ የዋለ ሰው ላብ ያጠምቀዋል። ያው ሰው ማታ ክምር ሥር ሲቀመጥ ይንቀጠቀጣል። ለምን? ሰውነታችን እንደ ምድጃ ነው። ማገዶው ምግብ ነው። ስንሠራ ጡንቻችን ማገዶውን ቶሎ ቶሎ ያነዳል፤ ሙቀትም ይበዛል። ቁጭ ስንል እሳቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚጠብቅ ሰው ከሚሄድ ሰው የበለጠ ልብስ ያስፈልገዋል።

ልብስስ ምን ያደርጋል? ልብስ ራሱ አያሞቅም። ሙቀት የሚመጣው ከሰውነታችን ነው። ጠባቂ እህል አያበቅልም፤ የበቀለውን ያስቀራል። ልብስም እንዲሁ ነው። ሙቀት አይሠራም፤ የተሠራውን ይጠብቃል። የሚጠብቀውም በመካከሉ በያዘው አየር ነው። ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደርቦ መልበስ ይሻላል። በልብሱና በልብሱ መካከል አየር ይኖራልና።

አራቱ የሙቀት ሌቦች

የመጀመሪያው ሌባ መሬት ነው። በክፍል ውስጥ ስንነጋገር አንድ አባት ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ብርድ ከታች ነው እሚገባው» አሉን።

«እንዴት አባባ?» አልናቸው።

«አጎዛ ካነጠፍኩ ባንድ ጋቢ አድራለሁ። አጎዛ ከሌለኝ ሁለት ጋቢም አይበቃኝ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ስንቀመጥበት ጋቢው ይጨፈለቃል፤ በውስጡ የያዘው አየርም ይወጣል። መሬቱ ሙቀታችንን ይስባል። አጎዛ ግን ጠጉሩ አየር ይይዛል። አጎዛ የሌለው ሰው ደረቅ ገለባ ወይም ድርቆሽ ወፈር አድርጎ ያንጥፍ። በድንጋይ ላይ እንዲሁ አይቀመጥ።

ሁለተኛው ሌባ ነፋስ ነው። ነፋስ በልብሳችን ውስጥ ያለውን የሞቀ አየር ጠርጎ ይወስዳል። ማማ ለማየት ይመቻል፤ ነገር ግን ከላይም ከታችም ነፋስ ይመታዋል። ማማ ላይ የምታድሩ ከሆነ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል በማሽላ አገዳ እጠሩት፤ ወለሉንም ገለባ አልብሱት። መሬት ላይ ከሆነ ከድንጋይ ወይም ከአገዳ ግማሽ ክብ መከለያ ሥሩ።

ሦስተኛው ሌባ እርጥበት ነው። የረጠበ ልብስ አየር አይዝም፤ ውሃ ይይዛል። ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት መጠበቁን ይተዋል። የበግ ጠጉር ግን ቢረጥብም ጥቂት ያሞቃል። በርኖስና ባና በደጋ የተወደዱት፣ የስሜን እረኛም ደበሎ የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌሊት ጤዛ ሲወርድ ጋቢው እንዳይርስ ከላይ ላስቲክ ጣል አድርጉ። ነገር ግን በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ አትጠቅለሉ። ከውስጥ በላብ ያረጥባችኋል።

ላብም እርጥበት ነው። ከቤት ሁሉን ደርባችሁ፣ ዳገቱን እየሮጣችሁ አትሂዱ። ልብሱን ተሸክማችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ስትደርሱ ጥቂት ዕረፉና ከመብረዱ በፊት ልበሱት። በሰሜን አሜሪካ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ዛፍ ላይ ወጥተው ለሰዓታት ሳይንቀሳቀሱ ይጠብቃሉ። አገራቸው በረዶ ነው። ዋናው ዘዴያቸው ይኸው ነው፤ ወፍራሙን ልብስ በጀርባቸው ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ሲቀመጡ ይለብሱታል።

አራተኛው ሌባ ጥርት ያለ ሰማይ ነው። በክረምት ሌሊት ደመናው እንደ ጋቢ ምድርን ይሸፍናል። በኅዳር ደመናው የለም። ምድር ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ውርጭ የሚወርደውም ሰማይ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ስለዚህ ከላይ የሣር ክዳን ያለው ትንሽ ዳስ ብዙ ይረዳል።

የት እንቀመጥ? መቼስ ይብሳል?

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎድጓዳ ቦታም ይተኛል። በመገጭ ወንዝ ዳር ሌሊት የሚበርደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቦታ መምረጥ ከቻላችሁ ከጎድጓዳው ትንሽ ከፍ በሉ። ጫፍ ላይ ግን አትውጡ፤ ነፋስ አለ።

ብርዱ የሚጠናው እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም፤ ሊነጋ ሲል ነው። ብዙ ጠባቂ ግን «ነጋ» ብሎ ጋቢውን የሚጥለው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ ወጥታ እስክትሞቅ ድረስ ልብሳችሁን አትጣሉ።

ከፍታም ለውጥ ያመጣል። 1000 ሜትር ወደ ላይ ስንወጣ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ 2800 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ደባርቅ ከጎንደር 4 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። ጠዳ ወይና ደጋ ናት፤ ውርጩ እንደ ደባርቅ አይበረታም። ነገር ግን ብርድ ሰውን ለመጉዳት ውርጭ አያሻውም። የረጠበ ልብስና ነፋስ ይበቁታል።

ምን ይዘን እንሂድ?

ራትን በደንብ ብሉ። ምድጃ ያለ ማገዶ አይነድም። ሌሊት የሚቆረጠም ቆሎ ወይም በሶ ያዙ። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ቢገኝ ጥሩ ነው። ራሳችሁንና አንገታችሁን ሸፍኑ። ጫማችሁ እግራችሁን አያጥብቀው፤ ከተጣበቀ ደም እንደ ልብ አይሄድም፣ ጣትም ይደነዝዛል። ትርፍ ደረቅ ካልሲ ያለው ይዞ ይሂድ።

በየጊዜው ተነሡ። ክምሩን ዙሩ። ጣታችሁን አንቀሳቅሱ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ሰውነት ይሞቃል፤ ክምሩም በደንብ ይጠበቃል። እስኪያልባችሁ ግን አትሩጡ። አውሬ ሲመጣም ጩኹ፤ ወንጭፍ አጩኹ፤ ባትሪ አብሩ። የጠባቂ ሥራ ማባረር እንጂ መግደል አይደለም።

እሳትና ከሰል

እሳት ወዳጅ ነው፤ ክምር አጠገብ ግን ጠላት ነው። እሳቱን ከክምሩ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሣሩን ነቅላችሁ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አንድዱ። ነፋሱ ከክምሩ ወደ እሳቱ ይንፈስ እንጂ ከእሳቱ ወደ ክምሩ አይንፈስ። ነፋሱ ከዞረ እሳቱን አጥፉት። ስትተኙ ወይም ስትሄዱ አፈር አልብሱት።

አሁን የምንጽፈውን ደግማችሁ አንብቡት። በተዘጋ ጎጆ ወይም ዳስ ውስጥ ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ። ፍሙም ቢሆን አይግባ። ከከሰል የሚወጣ መርዘኛ አየር አለ። አይታይም። አይሸትም። ሰውዬው ራሱን ያመዋል፤ ያጥወለውለዋል፤ ይደክመዋል። እንቅልፍ መጣ ይላል። ከዚያ እንቅልፍ ብዙ ሰው አልነቃም። እንዲህ ያለ ስሜት ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ። ጓደኛችሁንም ጎትታችሁ አውጡ።

አረቄስ?

«አንድ መለኪያ ካልጠጣሁ ሌሊቱን አልችለውም» የሚል ሰው አለ። አረቄ ሲጠጣ ከቆዳችን ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ። የውስጡ ትኩስ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል። ፊት ይግላል። ሰውዬው የሞቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ሙቀቱ ከውስጥ እየወጣ ወደ ውጭ መሄዱ ነው። ጎተራ ከፍቶ እህሉን ሜዳ ላይ እንደ ማፍሰስ ነው። በዚያ ላይ አረቄ ያስተኛል። የተኛ ሰው ብርዱም ሲገባ አያውቅም፤ ሌባውም ሲመጣ አያይም።

የአደጋ ምልክት

የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ አደጋ ነው። መለኪያ በሜዳ የለም። ምልክቱን ግን በዓይን ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ሰውዬው ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፤ ቁልፉን መቆለፍ ያቅተዋል። ንግግሩ ይንተባተባል። ሲሄድ ይደናቀፋል። በመጨረሻ መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ ሰውዬው ግን አልሞቀም። ይህ ትልቁ ምልክት ነው። «ተሻለው» ብላችሁ አትተዉት።

ምን እናድርግ? ከነፋስ እንሰውረው። የረጠበውን ልብስ አውልቀን ደረቅ እናልብሰው። ከታች አጎዛ ወይም ገለባ እናንጥፍለት። አንድ ሰው ከጎኑ ተኝቶ በሰውነቱ ያሙቀው። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሞቅ ያለ ሻይ እንስጠው። አረቄ አንስጠው። እጁንና እግሩን አንሸው። የደነዘዘ እግሩን ወደ እሳት አናስጠጋው፤ ሲቃጠል አይሰማውምና። ከዚያም ሳናናውጠው በቃሬዛ አስተኝተን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ብቻውን ማን ያያል?

ከላይ የጻፍነውን ምልክት የሚያየው ሌላ ሰው ነው። የበረደው ሰው ራሱን አያውቅም፤ ሐሳቡም ይደነዝዛል። ስለዚህ ጥበቃ የአንድ ሰው ሥራ መሆን የለበትም።

በክፍል ውስጥ አንድ ወጣት፣ «ወንድ ልጅ ብርድ ፈራ ይባላል እንዴ?» ብሎ ነበር። አንዲት እናት መለሱለት። «አንተስ ጎበዝ ነህ። እኔ የምልከው ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ነው። አባቱ የለ። ምን ላድርግ?» አሉ። ክፍሉ ዝም አለ።

ልጅ ከትልቅ ሰው ቶሎ ይበርደዋል። ሰውነቱ ትንሽ ነው፤ የሚይዘውም ሙቀት ጥቂት ነው። ደግሞም ልጅ «በረደኝ» ብሎ ወደ ቤት መመለስን ያፍራል። ልጅን ብቻውን ለሌሊት ጥበቃ መላክ ተገቢ አይደለም። ታዲያ እኚህ እናት እህላቸውን ማን ይጠብቅላቸው? ለአጨዳ ወንፈል እንገባለን። ለውቂያ ደቦ እንጠራለን። ለጥበቃስ ለምን ተራ አንገባም? ክምራቸው የተቀራረበ አምስት ቤቶች ቢስማሙ፣ በየሌሊቱ ሁለት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለሁሉም ይጠብቃሉ። አንዱ ሲያሸልብ ሌላው ይነቃል። ሌላውም በተራው ቤቱ ያድራል። ተረኛ የሌላት እናት ለጠባቂዎቹ ቆሎና ሻይ ብታዘጋጅ እርሷም ድርሻዋን ተወጣች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልብስ አያሞቅም ያልነው ለምንድን ነው?
2. አራቱ የሙቀት ሌቦች እነማን ናቸው?
3. ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ለምን አደገኛ ሆነ?
4. መንቀጥቀጥ የተወ ሰው ሁሉ ተሻለው ማለት ነው?
5. በእናንተ መንደር የጥበቃ ተራ ለመግባት እነማን ሊስማሙ ይችላሉ? ስማቸውን በደብተራችሁ ጻፉ። የሌሊቱንም ተራ በዝርዝር አውጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት እህሉ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ ከነቀዝ እንዴት እንደምንጠብቀው እንጽፋለን።