ምጣዱስ?

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው ጎረቤታችን አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ። ሶላር ነጋዴ የሰጣቸው ፕሮፎርማ ነው። «እስቲ አንብብልኝ ልጄ፤ እኔ የገባኝ ከታች ያለው ብር ብቻ ነው» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ሁለት ፓኔል፣ አንድ ኢንቨርተር፣ ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ፣ ገመድ፣ የመግጠሚያ ዋጋ። ከሁሉም በታች በእስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «ምጣድ አይሠራም» ይላል። እማማ ሶላር ያማራቸው ግን ለምጣዱ ነው። ያቦኩት ሊጥ ደርሶ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ሦስተኛው እንጀራ ላይ መብራት ሲሄድባቸው ስንት ዓመት ኖረዋል። ነጋዴውን ልጅ ስለዚህ ሲጠይቁት «እማማ፣ ምጣድ የሚባል ነገር አያንሱብኝ» አላቸው።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ የኔን ነገር ታውቃላችሁ፤ ሳይመጥኑ መግዛት አልወድም። ሶላር ሲመጣ ደግሞ ስለ አመራረጡ በዚሁ ገጽ ላይ ጻፍኩ። ምክሬ አጭር ነበር፦ አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ዋይፋዩንና ፍሪጁን ቁጠሩ፤ ምጣዱን ተዉት። እማማ ይዘውት በመጡት ወረቀት ግርጌ ያነበብኩት የራሴን ምክር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ዛሬ ያን ምክር ሰርዤዋለሁ።

ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ግን፣ «ከህዳሴው ግድብ በኋላ ሶላር ምን ያደርጋል?» እያሉ ለሚጽፉልኝ አንድ ነገር ልበል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደማንኛውም ሰው ደስ ብሎኛል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። የኔ ሰፈር መብራት የሚሄደው ግን ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ ውሃ ስላነሰ አይደለም። ትራንስፎርመሩ ፊውዝ ሲያቃጥል፣ ምሰሶ ሲያዘነብል፣ ዝናብና ንፋስ ገመድ ከገመድ ሲያነካካ ነው። የግድቡ ኃይል ቆጣሪዬ ድረስ የሚመጣው በዚያው ምሰሶና በዚያው ገመድ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ክርክር የለኝም።

አሁን ወደ እማማ ወረቀት ልመለስ። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ባትሪው ላይ ነው፤ ምክንያት አለኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት የመጀመሪያ ባትሪዬን የገዛሁት ላዩ ላይ የተለጠፈውን አምኜ ነበር። 200 ይላል። ከሰዓት በኋላ ሞልቶ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። አምስት አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋዩንና ፍሪጁን ይዞ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ኢንቨርተሩ ይጮህ ጀመር። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ነጋዴው «ጋሼ፣ ፓኔል ይጨምሩ» አለኝ።

ያዳነኝ ዕድሜውን የመኪና ባትሪ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ነገሩን ከሰማ በኋላ «አስመዝነው» አለኝ። «ባትሪ ማለት እርሳስ ነው። ወረቀቱ ያሰኘውን ይላል፤ እርሳስ ግን ክብደቱን አይደብቅም።» በጋሪ ጭኜ ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ወሰድኩት። ባለ ወፍጮው ሚዛኑ ላይ የተጋገረውን ዱቄት በክንዱ ጠርጎ፣ ከባልደረባው ጋር አንስተው አስቀመጡት። 34 ኪሎ። 200 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ ወደ 60 ኪሎ ይጠጋል። እኔ የከፈልኩበት ግማሽ ባትሪ ነበር። ነጋዴው ሚዛኑን ስነግረው «ቴክኖሎጂው ቀልሎ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባትሪ ሊገዛ የሚሄድ ዘመድ ሁሉ ከኔ የሚሰማው ምክር ይህ ነው፦ ከመክፈልህ በፊት አስመዝን።

እውነተኛ 200 ቢሆንስ ኖሮ? 12 ቮልት በ200 ሲባዛ 2,400 ዋት-ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች እየወረደ ከኖረ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ዕድሜው እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው የሚጠቀመው 1,200ውን ብቻ ነው። የኔ ቤት የማታ ጭነት ሲደመር 170 ዋት ገደማ ይበላል። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚወስደው ተቀንሶ ስድስት ሰዓት ያህል ይቆይ ነበር። ይህን ስሌት አንድ ሕፃን በደብተሩ ጀርባ ሊሠራው ይችላል፤ ሆኖም ወረቀት ጽፈው ከሰጡኝ ነጋዴዎች አንድም «ማታ ምን ምን ታበራለህ? ስንት ሰዓት?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሚጠይቁት ስንት ብር እንደያዝኩ ነው።

በኋላ ሊቲየም ገዛሁ። ሊቲየም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለቤት የምመክረው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። ይህን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. በ1997 ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ ያደረጉት ጆን ጉድኢነፍ ያኔ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ደግሞ በ97 ዓመታቸው ነው። እኚህን አዛውንት ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። የእርሳሱ ባትሪ እ.ኤ.አ. ከ1859 ጀምሮ አለ፤ መከበሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሊቲየሙ ከያዘው 80 እና 90 በመቶውን ሳይጎዳ ይሰጣል፤ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሞላል፣ ይራገፋል፤ እንደ ሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶችም በቀላሉ እሳት አይነሳበትም። ሲገዙት ውድ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በሁለትና በሦስት ዓመቱ የእርሳስ ባትሪ እየለወጠ ለሚኖር ሰው ግን የትኛው ውድ እንደሆነ እኔ ከፍዬ አይቼዋለሁ።

ስለ ፓኔል ብዙ አላወራም፤ ሰው ከሚገባው በላይ የሚጨቃጨቅበት እሱ ነው። ጣሪያው ነው የሚበልጠው። ለእማማ ወረቀቱን የጻፈው ልጅ ጣሪያቸው ላይ አልወጣም። ቢወጣ ኖሮ ከምዕራብ በኩል ያለው ጂ+3 ሕንፃ ከ8 ሰዓት ጀምሮ የቆርቆሮውን ግማሽ እንደሚያጠላው ያይ ነበር። የኔም ጣሪያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ፓኔሎች የተገጠሙት ከሮቶው ጎን ነበር። ከሰዓት በኋላ የሮቶው ጥላ እንደ ምላስ ሁለቱ ላይ ይተኛና፣ በአንድ ገመድ የተያያዙት ሌሎቹም አብረው ይደክማሉ። ሮቶውን አዛወርነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ልዩነት አዲስ ፓኔል አይሰጠኝም ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አየሯም ቀዝቃዛ ነው፤ ፓኔል ደግሞ ሙቀት አይወድም፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ ጥቂት ጥቂት ያጣል። በዚህ እድለኞች ነን። የ13 ወር ፀጋ የሚለው መፈክር ግን ለክረምት አይሠራም፤ በጥር አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል በቀን 2 ኪሎ ዋት-ሰዓት ገደማ ቢሰጥ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ቢያንስ ሲሶውን ቀንሳችሁ አስቡ።

አሁን ምጣዱ።

የኔ ምክር መሠረቱ ቁጥር ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። ቤት ውስጥ ያለው ሌላው ሁሉ ተደምሮ አይደርስበትም። 5 ኪሎ ዋት-ሰዓት የሚይዘውን ሊቲየሜን ምጣድ ብቻውን ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ስለዚህ «ተዉት» አልኩ። ቁጥሩ ልክ ነው። ስህተቱ ምጣዱን ለማታ መቁጠሬ ነው። እኔ የማውቀው ማታ የሚጋገርበትን ቤት ነው፤ እናቴ ሌሊት ተነስታ ነበር የምትጋግረው፤ መጀመሪያ በማገዶና በኩበት፣ ዓይኗ በጭስ እየቀላ፣ በኋላም ከተማ ገብታ ምጣድ ስትገዛ፣ ሰው ሲተኛ መብራቱ ኃይል ስለሚያገኝ እንደገና ሌሊት። ጋገራ የሌሊት ሥራ መሆኑን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይዤው ነበር።

ያረመችኝ ባለቤቴ ናት። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ወደ 6 ሰዓት ግድም፣ የኢንቨርተሩን ስክሪን እያየች «ይኼ ሁሉ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ባትሪው ከረፋዱ ጀምሮ ሞልቷል። ስምንቱ ፓኔሎቻችን ሦስት ሺህ ምናምን ዋት መስጠት እየቻሉ፣ ቤቱ የሚበላው መቶ ሃምሳ ነው። የቀረው ጣሪያው ላይ ይባክናል። መልስ ሳልሰጣት ሊጡን አወጣች። ምጣዱን ሰካች፣ አሰሰችው፣ የመጀመሪያውን አዞረች። ፀሐይዋ አብዛኛውን ሰጠች፣ ባትሪው የጎደለውን ሞላ። ምጣዱ በጋለ ቁጥር ታጠፋዋለች፣ ሲቀዘቅዝ ታበራዋለች። ጋግራ ስትጨርስ ባትሪው ከግማሽ በላይ ነበረ፤ እስኪመሽ ተመልሶ ሞላ። ሰፌዱ ላይ 24 እንጀራ።

ያን ቀን የገባኝን ነጋዴዎቹ እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ። ፀሐይን የምናስቀምጠው ባትሪ ውስጥ ብቻ አይደለም። መሶብ ውስጥ የገባ እንጀራ ሦስት ቀን ይቆያል፤ የቅዳሜ ቀትር ፀሐይ ናት ማክሰኞ የምትበላው። በቀን ተስቦ ሮቶ ውስጥ የገባ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ፓምፕ ይወርዳል። ልብስ በቀን ይተኮሳል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ የሚሠራ ሥራ ባትሪ አይጠይቅም፣ ጥሩ ኢንቨርተርና በቂ ፓኔል ነው የሚጠይቀው። ቤቱን የምትመራውን ሴት ሳይጠይቁ የሚጻፍ ፕሮፎርማ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ወንዶቹ ቁጭ ብለን የቆጠርነው ኳስ የምናይበትን ነው። በአንድ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ብዙ ኃይል የሚበላውን፣ ሰው ከእንቅልፉ የሚያስነሳውን፣ ሲቋረጥ ሊጥ የሚያኮመጥጠውን ዕቃ ከዝርዝሩ አውጥተን «ቤቱን ሸፍነናል» እንላለን። ይህ ያናድደኛል፤ የተናደድኩት ደግሞ በዚያ ልጅ ላይ ብቻ አይደለም።

ለእማማ የነገርኳቸው እውነቱን ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ባለው ዕቃ ምጣድ በእርግጥ አይሠራም። ምጣድ የሚችለው ባለ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተርና ከ20 ካሬ ሜትር በላይ ጥላ የሌለበት ጣሪያ ነው፤ የእሳቸው ጣሪያ አይበቃም፣ ጡረታቸውም አይችለውም። ለአምፖሎቻቸው፣ ለሬዲዮናቸውና ለስልካቸው አነስ ያለ ሊቲየምና አንድ ፓኔል ከሕንፃው ጥላ ራቅ አድርገው ቢያስገጥሙ፣ ከወረቀቱ ባነሰ ገንዘብ የተሻለ ያገኛሉ። «ምጣዱስ?» አሉኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና መለሰችላቸው፦ «ቅዳሜ 5 ሰዓት ሊጥዎን ይዘው ይምጡ።»

ትናንት መጡ። ሊጡን በነጭ ባልዲ፣ ማሰሻቸውን በፌስታል ጠቅልለው። የኛን ማሰሻ አላመኑትም። አብሲቱን ዓርብ ማታ ጥለው አድረዋል። ሁለቱ እየተፈራረቁ ጋገሩ፤ እኔ የኢንቨርተሩን ስክሪን እያየሁ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ከእንጦጦ በኩል ደመና መጣና ሦስት ሺሁ ወደ ስምንት መቶ ወረደ። «ባትሪውን ለማታ እንተውለት» አለች ባለቤቴ። እማማ ምጣዱን አጠፉ፣ አክንባሎውን ከደኑ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ደጅ ወጥተው ሰማዩን አዩ። «ቀጭን ነው» አሉ፣ «አሁን ያልፋል።»